የጨዋ ስድብ

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ካገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን የባለቤቴ ቤተሰቦች የጎጃም ሰዎች ናቸው። ባለፈው ፋሲካ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት ተሰብስበው ዶሮ ወጥ ሠራሁ። የባለቤቴ አክስት ሁለት ጊዜ ጎረሱና እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ‹የጨዋ ልጅ መሆንሽን ማን ይነግረን ነበር? ወጥሽ ነገረን እንጂ› አሉኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ፤ እንግዳው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ነገሩ የገባኝ ማታ ዕቃ ሳጥብ፣ ሦስት ማንቆርቆሪያ ውሃ ማለቁን ሳይ ነው። ተናድጄ ስለ አክስቱ ለባለቤቴ የተናገርኩት ቃል እዚህ የሚጻፍ አይደለም፤ ሦስት ቀን አኮራርፎናል። እውነቱን ለመናገር አፌ መጥፎ ነው። መኪና ስነዳም ሆነ ሥራ ቦታ ሲስተም ሲቋረጥ የሚወጣኝ ያው አንድ ዓይነት ስድብ ነው። ሴትዮዋ ግን አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ልክ ልኬን ነገሩኝ። እንደ እሳቸው አሳምሮ መሳደብ ይማሩታል ወይስ አብሮ የሚወለድ ነገር ነው? ለሰኔ ሚካኤል ዝክር ቤታቸው ተጠርተናል።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወጡ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ማጣራት ይገባ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከሦስቱ ማንቆርቆሪያ የተሻለ ምስክር ስለማይገኝ፣ በዝቶበት ነበር ብዬ እቀጥላለሁ። ይህን ያነሣሁት ላሳፍርዎ ፈልጌ አይደለም። የአክስትዮዋ ንግግር እንቅልፍ የነሣዎ እውነት ስለሆነ ነው። ወጡ ልክ ቢሆን ኖሮ ያው ቃል ተራ ምስጋና ሆኖ ባለፈ፣ አንገቱን የሚደፋ እንግዳም ባልነበረ፣ እርስዎም ለእኔ ባልጻፉ ነበር።

እስቲ የተናገሩትን ቀስ ብለን እንፍታው። «ጨዋ» ስንል በሥርዓት ያደገ፣ የታረመ ሰው ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ከ«ጨው» ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ነው፤ ሴትዮዋም ሰሙን ከአስተዳደግዎ፣ ወርቁን ከድስትዎ ወሰዱት። የቅኔ መምህራን እንዲህ ሁለት ፍች ተሸክሞ የሚቆምን ቃል ኅብረ ቃል ይሉታል፤ ሰምና ወርቁ የሚገናኙት እሱ ላይ ነው። እኔን ከኅብረ ቃሉ ይልቅ የደነቀኝ «ማን ይነግረን ነበር» የሚለው ሐረግ ነው። በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጨዉን ቀምሶ በይሉኝታ ዝም ብሏል፤ አክስትዮዋም እርስዎን ጠቅ ሲያደርጉ በዚያው አፍ የእነሱን ዝምታ ነካ አድርገውታል። አንገት የተደፋው ሳቅ ለመያዝ ብቻ ነበር ብለው አያስቡ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 615 ስድብን የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ እርስዎ ይህን ይዘው ቢከሱ ዳኛው ከመዝገቡ ውስጥ የሚያገኘው ምርጥ ምስጋና ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ፤ አዎን፣ ይማሩታል። አክስትዮዋም ተምረውታል፤ ምናልባት ትምህርት መሆኑን ሳያውቁት። ጎጃም የዋሸራ አገር ነው፤ ከዋድላና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት ያለበት። ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት በዚያው በጎጃም ነው። የባለቤትዎ አክስት ቅኔ ቤት ደጃፍ ረግጠው ላያውቁ ይችላሉ፤ ነገር ግን የኔታ ለዝክር በተቀመጡበት፣ ደብተራው ጠላ በሚጠጣበትና ሽማግሌው ነገር በምሳሌ በሚያዋዛበት ቤት ያደገች ልጅ፣ ቃልን ከሁለት ወገን አገላብጦ ማየትን ከእንጀራ መጋገር እኩል ትለምደዋለች።

የዚህ ጥበብ አባት ተብለው የሚጠሩትን አለቃ ገብረ ሃናን እናንሣ። ሰው ሁሉ በቀልዳቸው ስለሚያውቃቸው የቤተ ክህነት ሊቅ መሆናቸው ይዘነጋል፤ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም የሚነሣው ከእሳቸው ነው። ስለ እሳቸው ከሚተረኩት መካከል ለእርስዎ ጉዳይ የሚቀርበው የመሶቡ ነገር ነው። አንድ ቤት ተጋብዘው መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘላ ወጣች አሉ። ባለቤቲቱ በድንጋጤ ደርቃ ስትቀር አለቃ ያላየ መስለው በልተው ጨረሱ፤ መርቁልን ሲባሉም ተነሥተው «ከመሶባችሁ አይጥፋ» አሉ ይባላል። ምርቃት ነው፤ በየቤቱ የሚባል ምርቃት። አይጧ ግን ቃሉ ውስጥ አለች። ባለቤቲቱ «አሜን» ከማለት ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች?

ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው አንድ ነገር ይገለጥልዎታል። አለቃም ሆኑ አክስትዮዋ የተናገሩት በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቤት፣ ስለዚያ መሶብና ስለዚያ ድስት ብቻ የሚሆን ቃል ነው፤ ወደ ሌላ ቤት ቢወስዱት አይሠራም። የእርስዎን ደግሞ ይመልከቱት። ለሚኒባሱም፣ ለኮምፒውተሩም፣ ለአክስትዮዋም ያገለገለው ቃል አንድ ነው። ለሦስቱም የሚሆን ቃል ስለ ሦስቱም አንዳች የሚናገረው ነገር የለውም፤ የሚናገረው ስለ እርስዎ፣ ያውም መናደድዎን ብቻ ነው። ባለጌ ስድብ ነውር መሆኑን እናትዎ ነግረውዎታልና እኔ አልደግመውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ስንፍናው ነው፤ ጎበዝ ሰው ተናዶ እያለ፣ ያ ሁሉ ጉልበት በእጁ እያለ፣ ከመንገድ ላይ የወደቀ ቃል አንሥቶ ይወረውራል።

ገርጂ ያደገ ሰው ደግሞ ለዚህ ነገር ባዶ እጁን አይመጣም፤ ተረብን ያውቃልና። በሰፈርዎ ልጆች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ሲተራረቡ አልፈው ያውቁ ይሆናል፤ ምናልባትም አብረው ተቀምጠው ይሆናል። አንዱ «ቤታችሁ ከመጥበቡ የተነሣ ፀሐይ እንኳን የምትገባው ተራ ጠብቃ ነው» ሲለው፣ ሌላው ፊቱን ሳያጠቁር የባሰውን ፈልጎ ይመልሳል። የጨዋታው ሕግ አንድ ነው፤ የበሸቀ ተሸነፈ። ልብ ቢሉት ያ ስለ ቤት መጥበብ የሚቀልደው ልጅ የሚያድረው እዚያው ግቢ፣ እኩል በጠበበች ክፍል ውስጥ ነው፤ ተረቡ ያላቆሰለውም ለዚህ ነው። ያንኑ ቃል ባለ ፎቁ ልጅ ለቀበሌ ቤቱ ልጅ ቢናገረው ጨዋታው እዚያው ላይ ይፈርሳል፤ ድንጋዩም መቀመጫነቱን ይተዋል። እርስዎ ይህን ሕግ በልጅነትዎ ታውቁ ነበር፤ በፋሲካ ቀን ማታ ግን በሽቀው ተሸነፉ።

እዚህ ላይ የማይነኩትን ነገር ላንሣ፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለኝም። ዘር፣ ሃይማኖት፣ አካል፣ የሰው እናት እና የሰው እንጀራ አይነኩም። ስለ እንጀራው ካነሣን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበርና፣ በዚህ ከቀጠለ ሠሪ ጠፍቶ አገር ባዶ ይቀራል የሚል ሥጋት አድሮባቸው ነበር። በዘመናችን ደግሞ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ሕጎቹ ቢቀሩ እንኳን የሙያው ደንብ ይበቃል፤ ሰው ሊያርመው የማይችለውን ነገር አንሥቶ መስደብ ችሎታ አይጠይቅም፣ ማንም ያደርገዋል። ጨው ግን ይቀነሳል። አክስትዮዋ የሰደቡት ነገር በሚቀጥለው እሑድ ሊስተካከል የሚችል ነበር፤ ሰውን ሳያዋርድ ቃል የሚያልፍበት በር ይህ ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። አማርኛ የተናደደን ሰው በሚገባ የሚረዳ ቋንቋ ነው፤ ብዙ ስድብ በምርቃት ልብስ ተሰፍቶ ተዘጋጅቷል። «የእጅህን ይስጥህ» ይበሉት፤ ደግ የሠራ ሰው ይመረቅበታል፣ ክፉ የሠራ ይረገምበታል፣ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ራሱ ባለ እጁ ነው። «ልብ ይስጥህ» የሚለው ደግሞ ከጸሎት ምንም አይለይም፤ ብቻ ልብ የሚለመንለት ሰው እስካሁን ምን ይዞ እንደኖረ ያሳስባል። «ለእግዜር ሰጥቼሃለሁ» ግን ከባድ ነው፤ ሰምቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው አውቃለሁና፣ ቀኝ መስመር ለዘጋ ሚኒባስ አያባክኑት።

ሌላው መሣሪያ አንቱታ ነው። በወዳጅነት «አንተ» ሲሉት የኖሩትን የሥራ ባልደረባ፣ ያጠፋ ዕለት ድምፅዎን ሳያነሡ «እርስዎ ያዘጋጁትን ሪፖርት አይቼዋለሁ» ቢሉት፣ ከአክብሮቱ የሚወጣው ብርድ ክፍሉን ይሞላዋል። በሰዋስው ደረጃ አከበሩት፤ በነገሩ ግን ከጓደኝነት ወንበር አንሥተው ሎቢ ላይ አስቀመጡት። ይህን በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አይጠቀሙበት፣ ይለመዳል።

ሦስተኛው የቃል ጥብቀትና ልላት ነው፤ እኔ በግሌ የምወደው ይህን ነው። አንድ ጊዜ በኅዳር የመጻሕፍት መደርደሪያ አዝዤ ነበር። አናጢው «ለገና ያልቃል ጋሼ» አለኝ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። በሄድኩ ቁጥር «ገና ነው፣ ቫርኒሹ ብቻ ቀርቶታል» ይለኛል፤ እንጨቱ ግን ገና ከግድግዳ እንደተደገፈ ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ የእርስዎ ዘመድ ነው። በሆሳዕና ሰሞን ሄጄ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ‹ለገና› ስትለኝ አጥብቄ ሰማሁት፤ ለካ አላልተህ ነው የተናገርከው» አልኩት። ሰውየው መጋዙን እንደያዘ አየኝ፤ ከንፈሩ ሁለቱን «ገና» ሲሞክር ይታየኝ ነበር፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ፣ ረዳቱንም ጠርቶ አስረዳው። መደርደሪያው በሳምንቱ ቤቴ ገባ። አንድ እግሩ አጥሮ ስለነበር እስከ ዛሬ የታጠፈ ካርቶን ከሥሩ አለ፤ ካርቶኑ ቁጣዬ ይሁን የእሱ መልስ ለይቼ አላውቅም።

እንዲህ ስል ሁልጊዜ በሰዓቱ ይመጣልኛል ማለቴ አይደለም። እኔም ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚመጣልኝ እንደ እርስዎ ዕቃ ሳጥብ ነው። በዚህ አይዘኑ፤ የዘገየውን መልስ ደብተር ላይ ይጻፉት፣ በማግስቱ ግማሹን ቃል ይሰርዙ፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ያንብቡትና አሁንም እውነት መሆኑን ይመልከቱ። አብዛኛው ከሦስት ቀን በኋላ እውነት አይሆንም፤ ንዴት ብቻ ሆኖ ይገኛል። የሚተርፈው ጥቂቱ ለሚቀጥለው ጊዜ ስንቅ ነው። አለቃ ገብረ ሃና ተናገሩት የሚባለውም ቢሆን እኛ ዘንድ የደረሰው በብዙ ሰው አፍ ተሞርዶ ነው፤ በመጀመሪያው ዕለት ያን ያህል ስል ስለመሆኑ ማንም አልማለልዎትም።

የመኪናውን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። ከመገናኛ ቦሌ ሲነዱ መስኮት ከፍተው የሚናገሩት ማናቸውም ነገር፣ ያማረም ይሁን ያስጠላ፣ የተባለለት ሰው ሳይሰማው ያልፋል፤ ሰምቶ ቢቆም ደግሞ የባሰ ነው። ሰሚ የሌለው ቅኔ ድካም ነውና መስኮቱን ዘግተው «ልብ ይስጥህ» ብለው ይለፉ። ሲስተሙንም እንደዚያው፤ የባንክ ሲስተም በስድብ ተነሥቶ አያውቅም። ባለቤትዎን ግን ይቅርታ ይጠይቁ፤ ሳይለፋለፉ፣ ዛሬ ማታ። አክስቱን የሰደቡት እሱ ፊት ስለሆነ ቃሉ የወደቀው እሱ ላይ ነው።

ወደ ፋሲካው ማዕድ ልመለስና፣ ያን ጊዜ ነገሩ ቢገባዎ ምን ሊሉ ይችሉ እንደነበር አስቤያለሁ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የቀረልኝ ይህ ነው፤ «ጨዋነቴ በዝቶብዎ ከሆነ ውሃ ላምጣልዎ፣ እትዬ።» ጥፋቱን ያምናል፣ ቅኔውን እንደፈቱት ያሳያል፣ ለታላቅ የሚገባውን መስተንግዶም አያጓድልም፤ ማንቆርቆሪያው በእጅዎ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር። አክስትዮዋ ይህን ቢሰሙ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ጉርሻ ይሰጡዎ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነገር የሚወረውሩት የሚመልስላቸውን ሰው ሲፈልጉ ነውና። ለባዕድ እንግዳ «ወጡ ግሩም ነው» ብለው ዝም ይሉ ነበር። እርስዎን ጠቅ ያደረጉት ከቤተሰብ ቆጥረውዎት መሆኑን ባለቤትዎ ሊነግርዎ ይገባ ነበር፤ እሱም ውሃ ሲጠጣ ነበር መሰለኝ።

አሁን የሰኔ ሚካኤል ዝክር አለ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለሚሆን ከሚቀርበው ውስጥ ክክ አልጫ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ይቅመሱት። እትዬ ጨው አሳንሰውበት ከሆነ፣ እርስዎ የአልጫን ሁለት ፍች እያሰቡ ጥቂት ቆይተው፣ ሰው ሁሉ ሲሰማ ሳይሆን ለእሳቸው ብቻ ጎንበስ ብለው፣ «እትዬ፣ በፋሲካ ጨው ያበዛሁት ለካ የእርስዎ አልጫ ቢናፍቀኝ ነው» ይበሏቸው። ጨዉ ልክ ከሆነ ግን ይህን ቃል ዋጥ ያድርጉት፤ እውነት ያልሆነ አሽሙር ያው የሚኒባሱ ስድብ ነው፣ ልብሱ ብቻ ተለውጧል። ያን ጊዜ የሚሉት «እጅዎ ይባረክ» ነው፤ እሳቸው ወርቁን ፈልገው ሲያጡ ፊታቸውን ማየት በራሱ ይበቃዎታል።

ባዶ እጅዎን እንዳይሄዱ ድፎ ዳቦ ይዘው ይሂዱ። ሊጡን ሲያቦኩ ጨዉን ባለቤትዎ ይቅመሰው።